አራት መግቢያ፣ አንድም መውጫ የሌለው ሣጥን

ያን ዓመት የካቲት፣ አርባ ምንጭ ላይ ፀሐይዋ የምትወጣው ለማብራት ሳይሆን ቂም ለመወጣት ይመስል ነበር። ከታችኛው ሰፈር ከሲቀላ አስፋልት የሚነሣው ወላፈን ነጠላ አልፎ ጀርባ ይልሳል። ውሻው ከቆመ ባጃጅ ሥር ገብቶ ምላሱን ዘርግቶ ይውላል። ሰው ሊጣላ አፉን ይከፍትና ደክሞት ይተወዋል። አሁን ወደ ኋላ ሲያስቡት ግን ያ ወቅት ደስ የሚል ነገር ነበረው፤ በርና መስኮቱ ሁሉ ወለል ብሎ ስለሚውል የጎረቤት ወሬ ሳይጠሩት በራሱ እግር ይመጣል። የምነግራችሁ የአንድ በረንዳ ወሬም የመጣው እንዲሁ ነው።

ካሳ ከከተማው ወጣ ብላ ያለችው የላንቴ ቀበሌ ሰው ነው። የሚተዳደረው በሙዝ ነው፤ ጥሬውን ከገበሬ ይቀበልና ሲቀላ ባለችው ጠባብ መጋዘኑ ውስጥ፣ በሩንና ስንጥቁን ሁሉ ደፍኖ፣ አምቆ ያበስለዋል። ልጁ ሰብሊ ዘንድሮ ከዩኒቨርሲቲ ልትመረቅ ነው። የመመረቂያ ጽሑፏ የኩልፎ ወንዝ ሲሞላ ጎርፉ እስከ የት እንደሚደርስ የሚያሰላ ነው፤ ስሌቱ እንዲያልቅ ኮምፒውተሩ ሦስት ሰዓት ሳያቋርጥ መሥራት አለበት። ኮምፒውተሩ ግን ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ይግልና ድርግም ይላል። ሰኞ ካላስገባች ዓመቱን ትደግማለች።

ቅዳሜ ጠዋት ካሳ ሰው ሁሉ ሲፒዩ የሚለውን ትልቁን ሣጥን እንደ ታመመ ልጅ አቅፎ፣ በባጃጅ ሽቅብ ወደ ላይኛው ሰፈር ሴቻ ወጣና አቶ ኃይለመስቀል በረንዳ ላይ አስቀመጠው። አቶ ኃይለመስቀል ከጎጃም መጥተው ሠላሳ ዓመት ፊዚክስ ያስተማሩ፣ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ደግሞ ያልጠየቃቸውን ሁሉ የሚያስተምሩ ሰው ናቸው። ካሳንም ሰባተኛ ክፍል አስተምረውታል። ሁለት ጊዜ።

[በረንዳው። ጠረጴዛ ላይ ጎኑ የተከፈተ ሣጥን፣ አጠገቡ የመምህሩ አሮጌ ስክሪን። ከኮምፒውተር ዕቃ ሻጩ ከጌዲዮን ሱቅ የተገዙ፣ ሲዞሩ በሰማያዊ የሚያበሩ አራት ማራገቢያዎች ተደርድረዋል። ኃይለመስቀል ካቻቢቴ ጨብጠዋል።]

ካሳ፦ አይሆንም መምህር! ሰማያዊ መብራት ነፋስ አያቀዘቅዝም!

ኃይለመስቀል፦ ካላቀዘቀዘ ለምን ሰማያዊውን ገዝተህ መጣህ?

ካሳ፦ እርስዎ ነዎት በስልክ «ቀዩን እንዳትነካ» ያሉኝ! ሰው እየሰማ ጌዲዮንን «የሚያሞቀውን አትስጠኝ» አልኩት። ባንኮኒው ላይ ተደፍቶ ሳቀ።

ኃይለመስቀል፦ ይሳቅ። ጌዲዮን ምን ያውቃል? ቀይ ነገር ምንድን ነው? ፍም! ሰማያዊ ነገር ምንድን ነው? ጫሞ ሐይቅ! ሲሞቅህ የቱ ውስጥ ትገባለህ?

ካሳ፦ የትም አልገባም። ጫሞ አዞ አለ።

ኃይለመስቀል፦ ይኸው! ጥያቄ ስጠይቅህ ዘለህ አዞ ላይ ትወጣለህ። ሰባተኛ ክፍልም እንዲሁ ነበርክ።

ካሳ፦ [ራሱን እያከከ] ዓባያስ፣ መምህር?

ኃይለመስቀል፦ ዓባያ ምን ሆነ?

ካሳ፦ የዓባያ ውኃ ቀይ ነው። እዚያ የዋኘ ሰው ይቀቀላል?

ኃይለመስቀል፦ ዓባያ ለየት ያለ ጉዳይ ነው። ፈተና ላይ አይመጣም።

ካሳ፦ እሺ። ትልልቆቹ ሁለት ናቸው፣ ትንንሾቹም ሁለት። ጌዲዮን «ትልቁ ቀስ ብሎ እየዞረ ብዙ ነፋስ ያመጣል፤ ትንሹ ያንኑ ለማምጣት ይሯሯጣል፣ ይጮሃል» ብሎኛል።

ኃይለመስቀል፦ ነፋስ የሚለካው በጩኸቱ ነው! [የአንዱን ትንሽ ማራገቢያ ገመድ ይሰካሉ፤ ጠረጴዛው ይነዝራል] ስማው! ሥራ ማለት ይህ ነው!

ካሳ፦ እንደ ባጃጅ ነው የሚጮኸው።

ኃይለመስቀል፦ ባጃጅ ሲጮህ ምን ያደርጋል?

ካሳ፦ የሴቻ ዳገት ላይ ይቆማል። አሁን ስመጣ ወርጄ ገፍቻለሁ።

ኃይለመስቀል፦ አንተን ስለጫነ ነው! ና፣ ብሎኖቹን ያዝልኝ። እንዳትበትን። አሁን አቀማመጡን ስማ፤ ሁለቱ ትልልቆች ከፊት፣ አንዱ ትንሽ ከኋላ፣ አንዱ ትንሽ ከላይ።

ካሳ፦ እሱ ጥሩ ነው።

ኃይለመስቀል፦ አራቱም ወደ ውስጥ ይነፋሉ።

ካሳ፦ አራቱም?

ኃይለመስቀል፦ አራቱም።

ካሳ፦ የገባውስ ነፋስ?

ኃይለመስቀል፦ የገባው ገባ።

ካሳ፦ በየት ይወጣል?

ኃይለመስቀል፦ ለምን ይወጣል? አንተ ቤትህ እንግዳ ሲመጣ በሩን ታሳየዋለህ?

ካሳ፦ ኧረ አላሳይም። በልቶ ጠጥቶ ራሱ ይሄዳል።

ኃይለመስቀል፦ ነፋስ አይበላም አይጠጣም። ስለዚህ አይሄድም። ቀጥል!

ካሳ በልቡ «ሰውየው አርጅተዋል» አለ። ሊናገር አፉን ከፈተና የሰባተኛ ክፍል ወንበር ከሥሩ የተገፋበት መሰለው፤ ዘጋው። ሁለት ዓመት ሙሉ እጁን አውጥቶ አንድም ቀን ትክክል መልሶ አያውቅም።

ካሳ፦ ግን መምህር፣ ይህ ማራገቢያ ፊቱና ጀርባው በየት በኩል ነው?

ኃይለመስቀል፦ ክፍት የሆነው፣ የሚያምረው በኩል ነፋስ ይስባል። እነዚህ መስቀለኛ አጥንቶች ያሉበት፣ ወረቀት የተለጠፈበት በኩል ይተፋል። ወረቀቱ ወደ ውስጥ ይይ። የአራቱም!

ካሳ፦ እንግዲያው አራት ሰው በአንድ ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት ቆሞ እንደመተፋፋት አይሆንም?

ኃይለመስቀል፦ ስብሰባ አይተህ አታውቅም? እንዲያ ነው የሚሠራው። አብራው!

[ካሳ ያበራዋል። አራቱም ማራገቢያዎች በሰማያዊ ያበራሉ። ኃይለመስቀል ስሌቱን አስጀምረው በጠመኔ የበረንዳው ምሰሶ ላይ ሰዓቱን ይጽፋሉ። ሁለቱም ተቀምጠው ይጠብቃሉ።]

ካሳ፦ መጋዘን ውስጥ የተቀመጥኩ መሰለኝ።

ኃይለመስቀል፦ ዝም በል፤ ሲያስብ አትረብሸው።

[ሣጥኑ ድርግም ይላል።]

ኃይለመስቀል፦ ሃያ አንድ ደቂቃ። [ይጽፋሉ]

ካሳ፦ ቤት እንኳ ሃያ አምስት ይቆይ ነበር! ያለ ማራገቢያ!

ኃይለመስቀል፦ ገና አልለመደም። እስኪቀዘቅዝ ውኃ ላምጣልህ። እንዳትነካው!

[ኃይለመስቀል ይገባሉ። ካሳ ወደ በሩ እያየ፣ የላይኛውን ትንሽ ማራገቢያ ብሎኖች ፈታ ፈታ አድርጎ ይገለብጠዋል። ከኪሱ ሶፍት አውጥቶ ቀጭን ቁራጭ ይቀድዳል። ያበራዋል። ሶፍቱን ከላይ ሲያስጠጋው ሽቅብ ይርገበገባል። ካሳ እጁን ከላዩ ዘርግቶ ይስቃል፤ ትኩስ ነፋስ ነው። በሁለት እጃቸው ጆግና ብርጭቆ ይዘው ኃይለመስቀል ብዙ ቆይተው ይመለሳሉ።]

ኃይለመስቀል፦ ስንት ሆነ?

ካሳ፦ ሠላሳ አራት ደቂቃ፣ መምህር! አሁንም እየሠራ ነው!

ኃይለመስቀል፦ ሠላሳ አራት? [ይጠጋሉ] ይህን የላይኛውን ማን ገለበጠው?

ካሳ፦ … ነፋስ ይሆናል።

ኃይለመስቀል፦ ነፋስ ካቻቢቴ ይዞ?

ካሳ፦ የየካቲት ነፋስ አይታወቅም።

ኃይለመስቀል፦ [ያጠፉታል] እጅህን አምጣና መልስልኝ። ወረቀቱ ወደ ውስጥ ይይ አላልኩም?

ካሳ፦ [እየመለሰ] መምህር፣ የሚቆጡ ከሆነ ይቅር፤ ካልተቆጡኝ አንድ ነገር ልበል?

ኃይለመስቀል፦ ስለ አዞ ካልሆነ ቀጥል።

ካሳ፦ ስለ ሙዝ ነው።

ኃይለመስቀል፦ ኮምፒውተሩ ሙዝ ነው?

ካሳ፦ አይደለም። ግን ሙዝ እሳት ሳይነድበት ራሱ ከውስጡ ይሞቃል። መጀመሪያ ይታመቃል፤ ደግ። ቀለሙ ሊዞር ሲል ግን ከላይ ያለችውን መስኮት ካልከፈቱለት በገዛ ሙቀቱ ይቀቀላል። ልጣጩ ዐመድ ይመስላል። ለፍየልም አይሆን።

ኃይለመስቀል፦ ከላይ ያለችውን? ለምን ከታች ያለችውን አትከፍትም?

ካሳ፦ ሙቀት ሽቅብ ነዋ የሚወጣው።

ኃይለመስቀል፦ ማን አለ?

ካሳ፦ … እርስዎ። ሰባተኛ ክፍል።

ኃይለመስቀል፦ አስታወስክ?

ካሳ፦ ሁለት ጊዜ ነው የሰማሁት።

ኃይለመስቀል፦ [ጉሮሯቸውን ጠርገው] ያ የድሮው ትምህርት ነው። መጽሐፉ ተለውጧል። አሁን ስህተታችን ገብቶኛል፤ ቀዳዳው በዝቷል። ይኸው ከኋላ ወንፊት፣ ከጎን ወንፊት። ያስገባነው ነፋስ በዚያ እየሾለከ ነው። ፕላስተር አምጣ፤ ድፍን እናደርገዋለን።

ካሳ፦ የቀረችውን ቀዳዳም?

ኃይለመስቀል፦ የቀረችውንም! ለመሆኑ ቤት ውስጥ እንዴት ነው የምታስቀምጠው?

ካሳ፦ [ደረቱን ነፍቶ] እንደ ሙሽራ ነዋ! ከላይ እስከ ታች በመኪና ሸራ ተሸፍኖ። የመንገዱ አቧራ እንዳይገባ መስኮቱንም የሙዝ ቅጠል ጠቅጥቄበታለሁ። በሩም ዝግ ነው።

ኃይለመስቀል፦ ልጅቷስ?

ካሳ፦ ልጅቷ ከውስጥ ናት።

ኃይለመስቀል፦ ምን ትላለች?

ካሳ፦ ትነጫነጫለች። «አባ፣ ሸራውን አንሣው» ትላለች። ልጅ ናት፤ የንብረት ነገር አይገባትም። እሷ ትገልጠዋለች፣ እኔ መልሼ አለብሰዋለሁ።

ኃይለመስቀል፦ ጎበዝ! አባት ማለት እንዲህ ነው!

ካሳ ከእኚህ ሰው አፍ «ጎበዝ» ሲወጣ ሲሰማ በዕድሜው ይህ መጀመሪያው ነበር። አንገቱ ረዘመ። ግን ምስጋናው ትንሽ እንደቆየ ሙዝ አፉ ውስጥ ጣዕሙ ተለወጠበት፤ ለምን እንደሆነ አላወቀም። ፕላስተሩን እየቀደደ ቀዳዳውን ሁሉ ደፈነ። ሣጥኑ ዐይኑን የታሰረ በግ መሰለ።

[ያበሩታል። ኃይለመስቀል ጠመኔ ይዘው ይቆማሉ። ካሳ በሶፍቱ ሣጥኑን ዙሪያውን ይዳስሳል፤ ሶፍቱ አይንቀሳቀስም።]

ካሳ፦ ነፋሱ ቆሟል መምህር። አራቱም ይዞራሉ፤ የሚሄድ ነገር ግን የለም።

ኃይለመስቀል፦ ሞልቶ ነው። ጠግቧል።

[ድርግም።]

ኃይለመስቀል፦ አሥራ ሁለት ደቂቃ።

ካሳ፦ እየባሰ ነው! እያሳጠርነው ነው! መምህር፣ ልጄ ሰኞ ነው የምታስገባው። ዓመት መድገም ምን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። ታናናሾችህ መጥተው አጠገብህ ይቀመጣሉ። ስምህ ሲጠራ መምህሩ ራሱ «አሁንም አለህ?» ይልሃል።

ኃይለመስቀል፦ እኔ ነኝ እንዲያ ያልኩህ?

ካሳ፦ [ዝቅ ባለ ድምፅ] መስከረም ላይ። በመጀመሪያው ቀን።

[ኃይለመስቀል ጠመኔውን በጣታቸው ያሽከረክራሉ። ከዚያ ድንገት ያስቀምጡታል።]

ኃይለመስቀል፦ ገባኝ! ሸራ ስላላለበስነው ነው! ቤት ለምዶት እዚህ ዕርቃኑን አስቀመጥነው። ብርድ ልብስ ይምጣ!

ካሳ፦ በየካቲት? ብርድ ልብስ?

ኃይለመስቀል፦ ውብአየሁ! ያንን የሱፍ ብርድ ልብስ ወዲህ በይ!

ውብአየሁ፦ [የመምህሩ ባለቤት ናቸው፤ ከውስጥ በድምፃቸው ብቻ] የደብረ ማርቆሱን? ለምን?

ኃይለመስቀል፦ ለኮምፒውተሩ!

ውብአየሁ፦ ታሟል?

ኃይለመስቀል፦ አዎ፣ እያላበው ነው!

[ወፍራም ብርድ ልብስ በመስኮት ተወርውሮ ይወጣል። ኃይለመስቀል ሣጥኑን ጠቅልለው ጫፉን ከሥሩ ይሸጉጣሉ። ያበሩታል። ካሳ ይቀመጣል፣ ይነሣል፣ ይቀመጣል። የሞቀ ፕላስቲክ ሽታ ይመጣል።]

ካሳ፦ ይሸታል።

ኃይለመስቀል፦ ብርድ ልብሱ ነው፤ ከርሟል።

ካሳ፦ መምህር፣ የሙዝ መጋዘን ሽታ አውቃለሁ፤ ይህ «አውጡኝ» የሚል ሽታ ነው!

ኃይለመስቀል፦ ታገሥ። ሊቀዘቅዝ ሲል መጀመሪያ ይሞቃል። ይህም ፊዚክስ ነው።

[ድርግም።]

ኃይለመስቀል፦ አምስት ደቂቃ። አሁን ሁለተኛ ብርድ ልብስ…

ካሳ፦ [ብድግ ብሎ ብርድ ልብሱን ከነአቧራው ወደ ግቢው እየወረወረ] ይበቃል!

ኃይለመስቀል፦ ካሳ!

ካሳ፦ ይጣሉኝ! ፈተና ላይ ለሁለተኛ ጊዜ ይጣሉኝ! እኔ ግን እናገራለሁ! የሚሞቅ ነገር መተንፈሻ ይፈልጋል! ከፊት ከታች ቀዝቃዛው ይገባል፣ ከኋላና ከላይ ትኩሱ ይወጣል! እርስዎ አራት አፍ ሰጥተው አንዲት አፍንጫ ከለከሉት!

ኃይለመስቀል፦ አቧራውስ?

ካሳ፦ አቧራው ይግባ! አቧራ በብሩሽ ይጠረጋል፤ የተቃጠለ ነገር በምን ይጠረጋል? አዞ እንኳ፣ አዎ፣ አዞ! ሲሞቀው ዳር ወጥቶ አፉን ከፍቶ ይተኛል። ሄዶ ብርድ ልብስ የሚያለብሰው ሰው አለ?

ኃይለመስቀል፦ ብርድ ልብስ ብቻ ነው ጥፋቱ? ሸራስ ቢሆን?

ካሳ፦ ብርድ ልብስም! ሸራም! መስኮት ላይ የተጠቀጠቀ የሙዝ ቅጠልም! ምን ልዩነት አለው?

ኃይለመስቀል፦ እና የሚሞቅን ነገር እንዲህ ጠቅልሎ የሚያፍን ሰው ምንድን ነው ትላለህ?

ካሳ፦ ደንቆሮ ነዋ!

ኃይለመስቀል፦ ጆሮዬ ከብዷል፤ ጮክ በል።

ካሳ፦ ደንቆሮ! የደንቆሮ አለቃ!

[ኃይለመስቀል ከሸሚዛቸው ኪስ ስልካቸውን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣሉ። ተከፍቶ ነው የቆየው።]

ኃይለመስቀል፦ ሰብሊ፣ ሰማሽ?

ሰብሊ፦ [በስልክ] ሰማሁ መምህር። አባ፣ አሁን ሸራውን ከጠረጴዛው ላንሣው?

[ካሳ ስልኩን ያያል፤ መምህሩን ያያል፤ ግቢው ውስጥ የተንጋለለውን ብርድ ልብስ ያያል። ቀስ ብሎ ይቀመጣል።]

ካሳ፦ … መቼ ነው የተደወለው?

ኃይለመስቀል፦ ብርድ ልብሱ ሲመጣ። ልጅህ ግን ማክሰኞ ነው የመጣችው፤ እዚያው የተቀመጥክበት ወንበር ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። «አባቴን ለመንኩት፤ ጓደኞቼን አምጥቼ አስለመንኩት፤ የሰው ቃል አይሰማም» አለችኝ። እኔም ሳስበው፣ አንተ የሰው ቃል አትሰማም፤ የራስህን ቃል ግን ስትጮህ ሳትወድ ትሰማዋለህ። ስለዚህ እስክትጮህ ጠበቅኩ።

ካሳ፦ እና አራቱም ወደ ውስጥ ያሉት…

ኃይለመስቀል፦ አውቄ ነው።

ካሳ፦ ነፋስ በጩኸት ይለካል ያሉትስ?

ኃይለመስቀል፦ ጌዲዮን ልክ ነው። ትልቁ ይሻላል።

ካሳ፦ ሰማያዊው?

ኃይለመስቀል፦ ሠላሳ ዓመት ፊዚክስ አስተምሬ፣ ሰማያዊ መብራት ያቀዘቅዛል ስል ምላሴ ያልተኮማተረ መሰለህ? ለንስሐ አባቴ እነግራቸዋለሁ።

ካሳ፦ ልጄ የለፋችበት ሣጥን ቢቃጠልስ ኖሮ?

ኃይለመስቀል፦ አይቃጠልም፤ ሲብስበት ራሱን ያጠፋል። ከአንተ ይሻላል። ጽሑፏም በፍላሽ ተገልብጦ ቦርሳዋ ውስጥ ነው። የቀራት ስሌቱ ነው፤ ለእሱ ደግሞ የሚያስፈልጋት ሦስት ሰዓትና አንድ የሚሰማ አባት ነበር።

ውብአየሁ፦ [ከውስጥ] አንተ ሰውዬ፣ ብዙ አትኩራ! አምና ፍሪጁን «ቦታ ያጣብባል» ብለህ ከግድግዳ ጋር ለጥፈህ፣ ጀርባውን አፍነህ ያቃጠልከው ማን ሆነህ ነው?

ካሳ፦ [ቀና ብሎ] ምን አሉ?

ኃይለመስቀል፦ … ካቻቢቴውን አቀብለኝ።

ካሳ፦ ፍሪጅ? ከግድግዳ ጋር?

ኃይለመስቀል፦ ካቻቢቴውን አቀብለኝ ብዬሃለሁ! ታዲያ ሳላውቀው የማስተምረው ይመስልሃል? ከፍዬበት ነው የተማርኩት!

ሰብሊ፦ [በስልክ፣ ሳቋን እየዋጠች] አባ?

ካሳ፦ አቤት።

ሰብሊ፦ ሸራውን?

ካሳ፦ አንሺው።

ሰብሊ፦ መስኮቱ ላይ ያለውን የሙዝ ቅጠልስ?

ካሳ፦ አውጪው።

ሰብሊ፦ በሩንስ?

ካሳ፦ [አስቦ] በሩን እኔው ስመጣ እከፍተዋለሁ።

[ካሳ ፕላስተሩን ይልጣል። ኃይለመስቀል የኋላውንና የላይኛውን ማራገቢያ ገልብጠው ያስራሉ። ካሳ ያበራና ሶፍቱን ከፊት ያስጠጋል፤ ይሳባል። ከላይ ያስጠጋል፤ ሽቅብ ይርገበገባል።]

ሣጥኑ በዚያው በረንዳ ላይ ሦስት ሰዓት ከሩብ ሳይጠፋ ሠራ። ሁለቱ ሰዎች አጠገቡ እንደ አስታማሚ ተቀምጠው ዋሉ። ሰብሊ ሰኞ ጠዋት ጽሑፏን አስገባች፤ ሐምሌ ላይ ተመረቀች። አቶ ኃይለመስቀል ምርቃቱን ካዩ በኋላ ወይዘሮ ውብአየሁን ይዘው ሴቻን ለቀቁ። ለመጨረሻ ጊዜ ያገኛቸው ሰው እንደሚለው፣ ብርዳማዋ ደጋ ጨንቻ ላይ ከገበያው በላይ ባለ የቀርከሃ አጥር ግቢ ተከራይተው ይኖራሉ።